የዊልቸሬ ኩሽኔታ እንደ ማሽን ዕቃ ነው የሚቀረጠው፤ እናንተስ ምን ገጠማችሁ?

ጎማና መንገድ (ክሩን የከፈተችው)

ሰላም ለሁላችሁ። ትንሽ ይረዝማል፣ ታገሡኝ።

ረቡዕ ጠዋት ወደ ሥራ ስሄድ የዊልቸሬ የፊት ግራ ጎማ ቀጥ አለ። ኮብልስቶኑ መሃል ላይ ነኝ። ወደፊት ብገፋ አይሄድም፣ ወደኋላ ብስብ አይመለስም። ሁለት የቀን ሠራተኞች ከነወንበሩ ብድግ አድርገው ዳር አወጡኝ፤ እግዜር ይስጣቸው። ከዚያ እየተጎተትኩ ጎሚስታ ቤት ደረስኩ።

ልጁ ትንሿን ጎማ ፈትቶ ኩሽኔታውን፣ ጎማውን የሚያሽከረክረውን ባለኳስ ቀለበት፣ መዳፉ ላይ አንኳኳው። ቡናማ ውሃ ወጣ። ውስጡ ያሉት ኳሶች ዝገው ተጣብቀዋል። ክረምቱን ሙሉ ጭቃ ሲጠጣ ከርሟል። «ይሄ ከልኩ ጋር ነው የሚፈለገው፤ የተገኘው ሁሉ አይገባም» አለኝ። ወንድሜን መርካቶ ላክሁት። ግማሽ ቀን ዞሮ አገኘው፤ ለአራቱም አንድ ጊዜ እንዲገዛ ነግሬው ነበር፣ ገንዘቡ ለሁለት ብቻ በቃ።

ወንድሜ ባለሱቁን «ለዊልቸር እኮ ነው፣ ዋጋው አይቀንስም?» ብሎ ጠይቆት ነበር። ሰውየው በቅንነት ነው የመለሰው፦ «እኔ የማውቀው ኩሽኔታ መሆኑን ነው። ሳስገባውም እንደ ኩሽኔታ ከፍዬበታለሁ።»

ይሄ ነገር ከአእምሮዬ አልወጣ አለ። ዊልቸሩን ከአምስት ዓመት በፊት በእርዳታ ነው ያገኘሁት። ለወንበሩ አንድ ብር አላወጣሁም። ከዚያ ወዲህ ግን ሁሉም ነገር በገንዘብ ነው። የፊት ኩሽኔታ በዓመት ሁለቴ። የኋላ ጎማ በዓመት አንዴ፣ ኮብልስቶኑ ይበላዋል። መቀመጫ ስፖንጁ ሲተኛ መቀየር አለበት፣ አለዚያ ይቆስላል። አንዴ ሳልቀይር ቆይቼ የመቀመጫ ቁስል ይዞኝ ሦስት ሳምንት በሆዴ ተኝቻለሁ። ፋሻው፣ መድኃኒቱ፣ የቀረሁበት የሥራ ቀን ተደምሮ ስፖንጁን አሥር ጊዜ ይገዛ ነበር።

ትራንስፖርቱን ተዉት። ሚኒባስ ሲያየኝ ያልፋል። የቆመልኝም «ለወንበሩም ትከፍያለሽ» ይላል። ስለዚህ ብዙ ቀን የምጠራው በስልክ የሚታዘዘውን ታክሲ ነው። ባለፈው ወር ደብተር ይዤ ጻፍኩ። እጄ ከሚገባው ደመወዝ ከሦስት አንዱ የሄደው ጎረቤቴ ጨርሶ በማታወጣው ወጪ ነው። እሷና እኔ አንድ መሥሪያ ቤት፣ አንድ ደረጃ ላይ ነን። የምንከፍለው የደመወዝ ግብርም እኩል ነው።

ጥያቄዬ ይኸው ነው። በቀረጡ ዓለም «የአካል ጉዳተኛ መገልገያ» የሚባለው ምኑ ነው? ወንበሩ ብቻ ነው? የሚያውቅ ካለ ያስረዳኝ።

---

ትራንዚተሩ

እህቴ፣ አይዞሽ። ሥራዬ ጉምሩክ ላይ ዕቃ ማስወጣት ስለሆነ የማውቀውን ልንገርሽ።

ጉምሩክ ዕቃን በቁጥር ነው የሚያውቀው። ሐርሞናይዝድ ሲስተም የሚባል ዓለም አቀፍ አመዳደብ አለ፤ እኛም የምንሠራው በእሱ ነው። ዊልቸር የራሱ ቁጥር አለው፣ 87.13። ክራንች፣ ሰው ሠራሽ እግርና የመስሚያ መሣሪያ 90.21 ላይ ናቸው። ለዊልቸር ብቻ ተብሎ የተሠራ መለዋወጫም 87.14 ሥር ቦታ አለው። እስከዚህ ጥሩ ነው።

ችግሩ ከዚህ ይጀምራል። ኩሽኔታ የትም ይግጠም የት፣ 84.82 ነው። ጎማ ከጎማ ምርቶች ጋር ምዕራፍ 40 ይገባል። ባትሪ ምዕራፍ 85 ነው። የስፖንጅ መቀመጫ ከፍራሽና ከትራስ ጋር 94.04። የታሪፍ መጽሐፉ «ይህ ምንድን ነው?» ብሎ ይጠይቃል እንጂ «ማን ይጠቀምበታል?» አይልም። ባለሱቁ የነገረው ልክ ነው።

አሁን ሒሳቡን ተመልከቺ። ወደብ ደርሶ 10,000 ብር የሚያወጣ ዕቃ አለ እንበል፤ ቀረጡም 20 በመቶ ነው እንበል። 2,000 ተጨምሮ 12,000 ይሆናል። ቫት 15 በመቶ የሚሰላው በ10,000ው ላይ ሳይሆን በ12,000ው ላይ ነው፤ 1,800። ድምሩ 13,800። ሱር ታክስ የሚባለው በገቢ ዕቃ ላይ የሚጨመር ግብር የሚመለከተው ዕቃ ከሆነ ደግሞ በዚህ በጠቅላላው ላይ 10 በመቶ፣ 1,380። 15,180 ብር ሆነ። ሌላውን ሳልቆጥር ነው። ነጋዴው ትርፉን የሚጨምረው ከዚህ በኋላ ነው። የኩሽኔታሽ ዋጋ የተወለደው እንዲህ ነው።

ሌላም አለ። ሐምሌ 2016 ላይ የብር ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ያው ዕቃ በብር ሲተመን ከእጥፍ በላይ ሆኗል። ቀረጡ በመቶኛ ስለሆነ አብሮ አደገ። ማንም ቀረጥ አልጨመረም፣ የሚከፈለው ግን ጨመረ።

ከቀረጥ ነፃ ማስገባት ሲፈቀድም የሚሠራው በደብዳቤ ነው። ለአንድ ኮንቴይነር ዊልቸር ደብዳቤ የሚያጽፍ ድርጅት አይጠፋም። ለሁለት ኩሽኔታ ደብዳቤ የሚያጽፍ ሰው ግን እስካሁን አላየሁም።

---

የልጅ እናት

እህቴ፣ የጻፍሽውን ሳነብ እንባዬ መጣ። የእኔ ልጅ ሁለቱም ጆሮዋ ላይ የመስሚያ መሣሪያ ታደርጋለች። ስድስት ዓመቷ ነው።

መሣሪያውን ለመግዛት ዘመድ አዝማድ አዋጣ። ለአንድ ጊዜ ስለሆነ ሰው ይረዳል። ባትሪው ግን ሳምንት፣ ቢበዛ አሥር ቀን ነው። ለሁለት ጆሮ ሁለት። ከላይ ትንሽ ተለጣፊ ወረቀት አላት፤ እሷ ከተነሣች አየር ስለሚገባው ብትጠቀሚበትም ባትጠቀሚበትም ያልቃል። አንዴ ልጄ ለጨዋታ የስድስቱንም ተለጣፊ አንሥታ ግድግዳ ላይ ለጥፋቸው አገኘኋት። አልተቆጣኋትም። ጓዳ ገብቼ አለቀስኩ።

ከጆሮዋ ውስጥ የሚገባው ፕላስቲክም አለ። በልኳ ነው የሚሠራው። ልጅ ስለሆነች ጆሮዋ ያድጋል፣ ሲጠባት ያፏጫል፣ በየጥቂት ወሩ አዲስ ልክ መውሰድ ነው።

በቀደም መምህርቷ ጠራችኝ። «ልጅሽ በእረፍት ሰዓት መሣሪያውን አውልቃ ኪሷ ትከታለች» አለችኝ። ቤት ስንገባ ጠየቅኋት። «እማዬ፣ ባትሪው እንዳያልቅብሽ ብዬ ነው» አለችኝ። እረፍት ሰዓት እኮ ልጅ ከልጅ ጋር የሚያወራበት ሰዓት ነው።

አክስቷ ከዋሽንግተን በሻንጣ ትልክልን ነበር። አሁን እሷም ጡረታ ወጥታለች።

---

ግብር ከፋይ

ለሁላችሁም አክብሮት አለኝ፣ ግን የተለየ ሐሳብ ላንሣ። አገር የሚቆመው በግብር ነው። ለኩሽኔታ ነፃ፣ ለባትሪ ነፃ፣ ለጎማ ነፃ ካልን መጨረሻው የት ነው? ያው ኩሽኔታ እኮ ወፍጮ ቤትም ይገባል። ነጋዴው «ለዊልቸር ነው» ብሎ አስገብቶ ለወፍጮ ቤት ይሸጠዋል። በአካል ጉዳተኛ ስም ከቀረጥ ነፃ የገባ መኪና ምንም ጉዳት የሌለበት ሰው ሲነዳው በዓይኔ አይቻለሁ። ተጠቃሚው አካል ጉዳተኛው አልሆነም።

የእኔ ሐሳብ መንግሥት ግብሩን ከሁሉም እኩል ይሰብስብ፣ ከዚያ ለአካል ጉዳተኛው በቀጥታ በገንዘብ ይደግፍ ነው። ይህ አይሻልም?

---

ጎማና መንገድ

ወንድሜ፣ በጨዋነት ስላነሣኸው አመሰግናለሁ። ቀጥታ ድጋፉ ቢኖር እኔም እመርጠው ነበር። ዛሬ ግን እጄ ላይ የለም። ግብሩ ግን አለ። ድጋፉ እስኪመጣ ድረስ መውሰዱ ይቁም ነው የምለው። የመኪናውን ጉዳይ አልክድም፣ እኔንም ያናድደኛል። አንዱ ሲያጭበረብር ቀጥሎ የሚጠብቀው ማስረጃ የሚጨምረው በእኔ ላይ ነውና።

---

መምህር ነኝ

ዓይነ ስውር ነኝ፣ ሕግ አስተምራለሁ። ይህን የምጽፈው ስልኬ እያነበበልኝ ነው።

በመጀመሪያ ስለ በትሬ። ትራንዚተሩ ወንድማችን እንዳለው ቁጥሩን ተከትዬ አስፈለግኩ። የእጅ በትር 66.02 ነው፤ ከአለንጋና ከፈረስ ጅራፍ ጋር አንድ መስመር ላይ። ነጭ በትር ስይዝ መኪና ይቆምልኛል፣ ደረጃውንና ቦዩን እለይበታለሁ። ዓይኔ ነው ብል አላጋነንኩም። ጫፉ በኮብልስቶንና በክፍት ቱቦ ምክንያት ቶሎ ያልቃል፤ ለብቻው አይሸጥም፣ በትሩን እንዳለ መግዛት ነው።

ሁለተኛው ስልኬ ነው። ድሮ ብሬይል መጻፊያ ሰሌዳና መውጊያ ነበር የያዝኩት። ዛሬ ስልክ ደብዳቤ ያነብልኛል፣ የብር ኖት ይለይልኛል፣ መንገድ ይነግረኛል። ኮምፒውተሬ ላይ ኤንቪዲኤ የሚባል በነፃ የሚገኝ አንባቢ አለ። ፕሮግራሙ ነፃ ነው፤ የሚጫንበት ኮምፒውተር ግን እንደ ማንኛውም ኮምፒውተር ነው የሚገዛው። መሣሪያችን «የአካል ጉዳተኛ ዕቃ» የሚል ጽሑፍ ሳይኖረው ሊመጣ ይችላል። ዝርዝር ሲወጣ ይህ መታሰብ አለበት።

አሁን ሕጉን ልናገር። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 41 ንዑስ አንቀጽ 5 መንግሥት የኢኮኖሚ አቅሙ በፈቀደ መጠን ለአካል ጉዳተኞች እንክብካቤ እንደሚያደርግ ይናገራል። የተባበሩት መንግሥታትን የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት አገራችን በ2002 አጽድቃለች። አንቀጽ 20 የመንቀሳቀሻ መሣሪያ በሚቻል ዋጋ እንዲገኝ ይላል። አንቀጽ 28 ደግሞ ከአካል ጉዳት ጋር የተያያዘ ወጪን በቀጥታ ይጠቅሳል። እህታችን ከደብተሯ ላይ ያነበበችልን ይኼንኑ ወጪ ነው፤ በሕግ ቋንቋ ስም አለው።

የግብር ሕጋችን ስለ አካል ጉዳት ጨርሶ ዝም አላለም። በ1994 የወጣው የቫት አዋጅ ከ60 በመቶ በላይ ሠራተኞቹ አካል ጉዳተኞች የሆኑበት ወርክሾፕ የሚያመርተውን ከቫት ነፃ አድርጎት ነበር። ሐሳቡ መልካም ነው። ግን ያሰበው አካል ጉዳተኛ አምርቶ ሲሸጥ እንጂ ገዝቶ ሲኖር አይደለም። የደመወዝ ግብርም እንዲሁ ነው። በ2017 በተሻሻለው ሕግ በወር እስከ 2,000 ብር ነፃ ሆኗል፣ ለሁሉም እኩል። እኔ አንባቢ ረዳት ስለምቀጥር ከደመወዝ ግብሬ የሚቀነስልኝ የለም። ጎረቤታችን ኬንያ በአካል ጉዳተኞች ብሔራዊ ምክር ቤቷ ለተመዘገበ አካል ጉዳተኛ ሠራተኛ በወር እስከ 150,000 ሽልንግ ገቢ ከግብር ነፃ አድርጋለች።

---

ከሐዋሳ

አጭር ነው የምጽፈው። እኔ አልቢኒዝም አለብኝ። ለእኔ የፀሐይ መከላከያ ክሬም መድኃኒት ነው፣ ከቆዳ ካንሰር ነው የሚጠብቀኝ። ሱቅ የምጠይቀው ከሊፒስቲክና ከዱቄት አጠገብ ሄጄ ነው። ትራንዚተሩ፣ ቁጥሩ ስንት ነው?

---

ትራንዚተሩ

33.04። ከመዋቢያ ዕቃዎች ጋር ነው። አዝናለሁ።

---

ከለንደን

ግብር ከፋይ ላነሣው የማጭበርበር ጥያቄ የማውቀውን ልጨምር። እናቴ ከእኔ ጋር እንግሊዝ ነው የምትኖረው፣ ከስትሮክ በኋላ ዊልቸር ላይ ነች። እዚህ ለአካል ጉዳተኛ የተሠራ ዕቃ ለግል አገልግሎት ሲገዛ ቫቱ ዜሮ ነው። ወንበሩን ስገዛ ሻጩ አንዲት ወረቀት ሰጠኝ። ስሟ፣ አድራሻዋ፣ ያለባት ጉዳት፣ ፊርማ። በቃ። ሐኪም ጋ ሂድ፣ ደብዳቤ አምጣ አልተባልኩም። ወረቀቱን ሻጩ ያስቀምጣል፤ ውሸት ከሆነ የፈረመው ሰው ይጠየቃል።

ያስገረመኝ ግን ጥገናው ነው። ብሬኩ ሲበላሽ ወስጄ አሠራሁት፤ የጥገናው ሒሳብ ላይም ቫቱ ዜሮ ነበር። ለወንበሩ ተብሎ የተሠራ መለዋወጫም እንዲሁ ነው። ሕጉ ወንበሩ እንደሚበላሽ አስቦበታል ማለት ነው።

ሁሉ የተሟላ ነው እያልኩ አይደለም። ለምሳሌ የመስሚያ መሣሪያ፣ መስማት ለተሳናቸው ልጆች ማሠልጠኛ ካልሆነ በቀር፣ ከዚያ ዝርዝር ውጭ ነው። መነፅርም ውጭ ነው።

---

ደብረ ማርቆስ ዙሪያ

ስለ ቀረጥ የማውቀው የለኝም። እኔ ገበሬ ነኝ፣ ቀኝ እግሬ ከጉልበት በታች ሰው ሠራሽ ነው። ጽሑፉን የሚጽፍልኝ የወንድሜ ልጅ ነው።

እግሩን በነፃ ነው የሠሩልኝ፣ አመሰግናለሁ። ፕላስቲክ ነው፣ ቀላል ነው፣ ይዤው አርሳለሁ። የእኔ ችግር መንገዱ ነው። ጫማው ውስጥ ያለው መዳፍ በማሳው ጭቃ ይሰነጠቃል። ሲሰነጠቅ ወደ ማዕከሉ መሄድ ነው። ከቤቴ እስከ አስፋልት በበቅሎ፣ ከዚያ በመኪና፣ ከዚያ ከተማ ማደሪያ። ብቻዬን ስለማልችል ልጄ ይከተለኛል፤ የሁለት ሰው መሳፈሪያ፣ የሁለት ሰው ምግብ። ወረፋ ካለ ሦስት ቀን አራት ቀን። ሰኔ ላይ ከሆነ ዘሩ ያመልጣል። ባለፈው ዓመት አንድ በግ ሸጬ ነው የሄድኩት። እግሩን ግን በነፃ ነው ያደሱልኝ።

ዘንድሮም ተሰንጥቋል። በጎማ ቁራጭና በሚስማር አያይዤዋለሁ። እስከ ጥቅምት ይቆየኛል።

---

ጎማና መንገድ

አባቴ፣ የጻፉትን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ቀረጡ ቢነሣ ለእኔ ይጠቅመኛል፣ ለእርስዎ ግን በጉ አይመለስም። ይህን አላሰብኩትም ነበር። ሚስማሩ እንዳይወጋዎት አደራ፤ ስሜት የሌለው ቦታ ከሆነ ሳይታወቅ ይቆስላል።

---

ግብር ከፋይ

ሁሉንም አነበብኩ። መኪናው ላይ አቋሜ አልተለወጠም፤ ትልቅ ገንዘብ ያለበት ቦታ ጥብቅ ቁጥጥር ያስፈልጋል። ስለ ኩሽኔታው፣ ስለ ባትሪውና ስለ ክሬሙ ግን አሳምናችሁኛል። የመስሚያ ባትሪ ማን ሰርቆ ምን ያደርግበታል? የልጅቷ ነገር ሌሊት እንቅልፍ ነሣኝ። የእኔም ልጅ ስድስት ዓመቱ ነው፣ እረፍት ሰዓት ላይ ሲጮህ ነው የሚውለው።

---

መምህር ነኝ

እንግዲህ ወደ ሥራ እንግባ። «አካል ጉዳተኞች ተጎዱ» ብለን ብንጽፍ የሚያነብ የለም። የዓለም ጤና ድርጅት ቅድሚያ ሊሰጣቸው ይገባል ያላቸውን 50 አጋዥ መሣሪያዎች በዝርዝር አውጥቷል፤ ዊልቸር፣ ነጭ በትር፣ የመስሚያ መሣሪያ ከነባትሪው፣ ቁስል የሚከላከል መቀመጫ ሁሉ አሉበት። ከእሱ እንነሣ። ከጎኑ የእኛን ቁጥርና የእኛን ወጪ እንጻፍ። የአካል ጉዳተኞች ማኅበራት ይዘውት የሚሄዱት ወረቀት ይኖራቸዋል። የደብረ ማርቆሱ ወንድማችን ያነሣው የመጓጓዣ ወጪ ቀረጥ ስላልሆነ በሌላ ገጽ ለብቻው ይቀመጥ፣ ግን ይቀመጥ።

---

ትራንዚተሩ

እኔ ቁጥሮቹን ላውጣ። ሁለት የሥራ ባልደረቦቼም ይረዱኛል፣ ጠይቄያቸዋለሁ። እናንተ የምትጠቀሙበትን በትክክል ጻፉልኝ። «ባትሪ» ብቻ አትበሉኝ፤ ስንት ቁጥር፣ በወር ስንት። «ኩሽኔታ» ከሆነ ላዩ ላይ የተጻፈው ቁጥር። እስከ እሑድ ማታ የደረሰኝን እሠራዋለሁ።

---

ጎማና መንገድ

አሮጌው ኩሽኔታ ቦርሳዬ ውስጥ ነው፣ በቤንዚን ጠርጌው ቁጥሩን አነበብኩት፦ 608። ለሁለቱ የፊት ጎማ አራት፣ በዓመት ስምንት። የኋላ ጎማ ባለ24 ኢንች፣ በዓመት ሁለት። ስፖንጅ በዓመት አንድ፣ ሁለት ቢሆን ይሻላል።

---

ከሐዋሳ

ክሬም፣ ቁጥሩ 50 የሚለው። በወር ሁለት፣ በበጋ ሦስት። ባርኔጣም ይጻፍ፣ ዙሪያው ሰፊ የሆነው።

---

የልጅ እናት

13 ቁጥር፣ ብርቱካናማ ተለጣፊ ያለው። በወር ስምንት። እረፍት ሰዓትንም ቆጥሬ ነው።